ተቀመጡ፣ ሞት ያለበት ምዕራፍ ነው

ሥራ የገባሁት በጽዳት ነው። የመጀመሪያው ቀን ጠዋት የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ አቶ ጌታሁን ቁልፍ፣ መጥረጊያና አንድ ባልዲ ሰጡኝና፣ «ወለሉን በየቀኑ፣ መደርደሪያውን በየሳምንቱ። መጽሐፍ በእርጥብ ጨርቅ አይነካም» አሉኝ። መመሪያው ይኸው ነበር። እዚህ ወሎ ቦረና፣ መካነ ሰላም ውስጥ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት መኖሩን እኔ ራሴ ያወቅሁት የቅጥሩ ማስታወቂያ ሲለጠፍ ነው።

ጥግ ላይ የታሸጉ ካርቶኖች ተደርድረዋል። «እነዚህስ?» ስላቸው፣ «እርዳታ ነው። የጠየቅነው የሳይንስ መጽሐፍ ነበር፤ የመጣልን የፈረንሳይኛ ልብ ወለድ። አቧራውን አራግፊላቸው፣ ከዚያ በላይ አትድከሚ» አሉ።

የአንዱን ካርቶን ታች ምስጥ ጀምሮት ስለነበር መክፈት ግድ ሆነ። አንድ በአንድ እያወጣሁ በደረቅ ጨርቅ ጠረግኋቸው። በየጀርባቸው የደራሲው ፎቶግራፍ አለ። ፈረንሳይኛ የፈረንጅ ነው ብዬ ፈረንጅ ስጠብቅ፣ የመጀመሪያዋ ሻሽ ያሰረች ጥቁር ሴት ናት፤ ቁርጥ አክስቴን። ቀጥሎ ፊቱ የዓረብ የሆነ ቀጭን ሰው፣ ቀጥሎ ዓይኗ ጠበብ ያለ የእስያ ልጅ፣ ቀጥሎ በረዶ ላይ የቆመ ሽበታም ነጭ። እነዚህ ሁሉ በአንድ ቋንቋ ምን ያወራሉ? ብዬ ቆምኩ። ጽዳቱ በዚያ ቀን አላለቀም። ይቺ ጥያቄ ናት እስከ ጡረታዬ ያቆየችኝ።

ትምህርቴን ከሰባተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት። የላቲን ፊደል አውቃለሁ፤ ሌላ የለኝም። አንድ የቆየ መዝገበ ቃላት ከመደርደሪያው ሥር አገኘሁና በእሱ ጀመርኩ። ቃሉ ይገባኛል፤ ድምፁን ግን የሚነግረኝ የለም። ድምፁ የተገኘው ከአያ ሰይድ ዘንድ ነው።

አያ ሰይድ ገበያው አፋፍ ላይ በረንዳ ተከራይቶ ልብስ ይሰፋል። ጅቡቲ ብዙ ዘመን ኖሮ የተመለሰ ሰው ነው። ፈረንሳይኛ እንደ ውኃ ይፈስለታል፤ ማንበብ ግን አንድ ፊደል አያውቅም። በምሳ ሰዓት መጽሐፌን ይዤ እሄዳለሁ፤ እኔ አነባለሁ፣ እሱ የስፌት መኪናውን እየረገጠ ያርመኛል።

«አንቺ የሺ፣ ያለውን ፊደል ሁሉ ካልጠራሁ ነው እንዴ የምትይ? ግማሹን ተይው» ይለኛል።

«ተጽፎ ሳለ?»

«እነሱ ይጽፉታል፣ አይሉትም። ለምን እንደሚጽፉት እኔን ነው የምትጠይቂ?»

የወደብ ቃል፣ የወጥ ቤት ቃል፣ የስድብ ቃል ሁሉ ከእሱ ነው ያገኘሁት። መጽሐፍ ውስጥ ግን እሱ የማያውቀው ይመጣል። አንድ ቀን አንድ ቃል ሦስት ጊዜ አስደጋገመኝና፣ «ይህን አላውቀውም። ጅቡቲ ሳለሁ ይህን ያለኝ ሰው የለም» አለ። መዝገበ ቃላቱን ገለጥኩ። ጸጸት ማለት ነው። አያ ሰይድ ክሩን በጥርሱ በጠሰና፣ «እንግዲያ ሊሉኝ ይገባ ነበር» አለ።

የመጀመሪያውን መጽሐፍ ጨርሼ ስዘጋ ሁለት ክረምት አልፏል። ሁለተኛው ፈጠነ። ከዚያ በኋላ ዓይኔ እየደከመ፣ ንባቡ እየቀለለ ሄደ።

አቶ ጌታሁን ከጽዳት ወደ ቤተ መጻሕፍት ረዳትነት ያሳደጉኝ ይህን አይተው ነው። የመጻሕፍት ቁጥር አሰጣጥ አስተማሩኝ። የፈረንሳይኛ ሥነ ጽሑፍ አንድ ቁጥር አለው፤ እዚያ ቁጥር ሥር የሄይቲው፣ የሊባኖሷ፣ የማዳጋስካሩ፣ የኮንጎው፣ የካናዳው ሁሉ ይገባል። «እነዚህ እኮ አንዱ ካንዱ አይተዋወቁም» ብላቸው፣ «ቁጥሩ በቋንቋ ነው እንጂ በአገር አይደለም» አሉ። ቁጥሩን ጠበቅሁ። በቁጥሩ ውስጥ ግን በራሴ አደራደር ደረደርኩ። መጀመሪያ ጅቡቲ፣ ቀጥሎ ባሕሩ ላይ ያሉት ደሴቶች፣ ቀጥሎ ከባሕሩ ወዲያ ማዶ ያሉት፣ መጨረሻ ላይ በረዶው።

አቶ ጌታሁን አዩና፣ «ይህ ደግሞ ምን ዓይነት አደራደር ነው?» አሉ።

«በመንገዱ ነው ጋሼ።»

«በየትኛው መንገድ?»

«ከኛ በሚወጣው።»

መደርደሪያውን ከዳር እስከ ዳር አይተው ሄዱ። አደራደሩ ሳይለወጥ ቆየ።

እነዚህ ያሁን ዘመን ደራሲዎች አንድ ነገር ያመሳስላቸዋል፦ በተዋሱት ቋንቋ መሐል የእናታቸውን ቃል ሳይተረጉሙ ይተክላሉ። የሊባኖሷ ሴት በፈረንሳይኛው መሐል «ኢንሻላህ» ትላለች፤ ከሙስሊሞቹ ደሴቶች የመጣው ሰው ሰላምታውን በዓረብኛ ይጀምራል። እኔ መዝገበ ቃላት ስገልጥ የቦረና እናቶች ቀድመውኝ «አሚን» ይላሉ። ለማን እንደሚጽፉ አላውቅም። ሲጽፉ ግን የሆነች አሮጊት አጠገባቸው ተቀምጣ የምታዳምጥ ይመስለኛል።

የቦረና እናቶች ያልኩት የገበያ ቀን አድማጮቼን ነው። ቤተ መጻሕፍታችን በረንዳ አለው፤ ገበያተኛ ፀሐይ ሲጠናበት እዚያ ይጠለላል። አንድ ቀን አንዲት ሴት፣ «ምንድን ነው ብቻሽን የምትስቂበት?» ብላ ጠየቀችኝ፤ ከፈረንሳይኛው እየመለስኩ በአማርኛ ነገርኳት። በሳምንቱ አምስት ሆነው መጡ። ከዚያ ወዲህ ሥራዬ ሆነ። አቶ ጌታሁንም «የንባብ አገልግሎት» የሚል ስም አወጡለት። መጽሐፉን እይዛለሁ፤ ዓይኔ ፈረንሳይኛውን ያያል፣ አፌ አማርኛ ያወራል። ሰዓቱ ሲያልቅ ጉሮሮዬ ይደርቃል፣ ራሴን ይወቅረኛል። ሸክም የተሸከምኩ ያህል ነው የምደክመው።

ስለ ካናዳ በረዶ ሳነብ አንዱ ገበሬ፣ «ይህማ የአቀስታ ብርድ ነው» ብሎ ጋቢውን ሰበሰበ። ሌላ ጊዜ አንድ ደራሲ ባለታሪኩን ያለ ስም መጽሐፉን ሙሉ አስኬደው። «ስም ያላወጣለት አባቱ የት ሄዶ ነው?» አሉ፤ ሦስት ገበያ ታግሰው እምቢ አሉ። ዘጋሁት።

ከሁሉ የማትቀር አድማጭ እመት ዘይነባ ነበሩ። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ይሸጣሉ። ስልካቸውን በገመድ አንገታቸው ላይ ያንጠለጥላሉ። ቻርጁ እንዳያልቅ በሄዱበት ሱቅ ሁሉ ይሰኩታል። ሲወለውሉት እንኳ ይጮኽ እንደሆን እያዳመጡ ነው።

ልጃቸው ጀማል በጅቡቲ በኩል ወጥቶ ነበር። «እማ፣ ጀልባ ልንሳፈር ነው» ብሎ ከጠረፍ ደወለላቸው። ከዚያ ወዲህ ድምፁ አልተሰማም። አብረውት ከአገር የወጡት ልጆች ሌላ ጀልባ ላይ ነበሩ፤ ያየ የለም፣ የሰማ የለም። ስለዚህ መርዶ የሚነግራቸው ሰው አልተገኘም። ጎረቤቱ ሁሉ አንድ ቃል ነበረው፦ «አብሽሩ፣ ይደውላል።» ዓመት አለፈ፣ ሌላም ዓመት አለፈ፣ «አብሽሩ»። ቢያለቅሱ ሟርት ይሆናል። ሰደቃ ቢያወጡ በሕይወት ያለን ልጅ ገደሉት ይባላል። ሠርግ ቤት ቢሄዱ ደግሞ ምን ዓይነት እናት ናት ይባላል። እንደ ቆሙ ቀሩ።

እና አንድ የገበያ ቀን ከአፍሪካ መሐል የመጣች አንዲት ጎበዝ ደራሲ መጽሐፍ ጀመርኩ። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር እንዲህ ይላል፦ ታናሽ እህቴ የተቀበረችው ዝናብ በሚያጥለቀልቅበት ቀን ነው። እንዳለ ተናገርኩት።

በረንዳው ላይ ያለው ሰው ደነገጠ። ሸክሟን ያላወረደች ሴት ነበረች፤ እንደ ቆመች ጉንጯን ያዘች። እመት ዘይነባ ተነሡ።

«አንቺ የሺ፣ መርዶ እንዲህ ነው እንዴ የሚነገር? በቆመ ሰው ላይ?»

«እመት፣ እኔ አይደለሁም፤ መጽሐፉ ነው።»

«መጽሐፉማ ፈረንሳይኛ ነው። አማርኛው ያንቺ አይደል?»

በኛ አገር መርዶ ወግ አለው። ዘመድና ጎረቤት ቀድሞ ይሰማል፤ ከባለቤቱ ይደበቃል። ሲነጋጋ፣ ሰውየው ከቤቱ ሳይወጣ፣ ሽማግሌዎች ይሄዳሉ። ይቀመጣሉ፣ እሱንም ያስቀምጡታል። ግራና ቀኙን ጠንካራ ሰው ይይዛል፣ ራሱን እንዳይጥል። አፍ የሚከፈተው ከዚያ በኋላ ነው። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በዚህ አንድ ነው። ያሁን ደራሲዎች ደግሞ ሞቱን ደጃፉ ላይ አስቀምጠው ነው መጽሐፋቸውን የሚከፍቱት። ምናልባት በእነሱ አገር ወጉ ሌላ ይሆናል።

ከዚያ ቀን በኋላ አሠራሬን ለወጥኩ። ማንኛውንም መጽሐፍ አስቀድሜ እስከ መጨረሻው ለብቻዬ አነባለሁ። ሞት ያለበት ገጽ ላይ ከአያ ሰይድ የወሰድኩትን ጥቁር ክር አስገባለሁ። እዚያ ስደርስ አቆማለሁ፤ «ተቀመጡ፣ ሞት ያለበት ምዕራፍ ነው» እላለሁ። ሸክም ይወርዳል፣ ሰው ይጠጋጋል። ከዚያ እንዳለ አነባለሁ፤ ቃል አልጨምርም፣ አልቀንስም።

በኋላ የአንዲት ደሴት ደራሲ መጽሐፍ ተራ ደረሰ። ባለታሪኩ አንድ ጀልባ ሠሪ ነው። ልጁ ሌሎች ልጆች ይዞ፣ አባቱ በሠራት ጀልባ ተሳፍሮ ሳያስፈቅድ ይሄዳል። መጽሐፉ ሙሉ አባትየው ሌሎች ጀልባዎች እየሠራ ይጠብቃል። እመት ዘይነባ አንድ ገበያ አላጎደሉም። ሽንኩርታቸውን ለጎረቤት ትተው ይመጣሉ፤ ሳይናገሩ ያዳምጣሉ፤ አንዳንዴ ብቻ፣ «ሚስማሩ ምን ያህል ነው አለች?» ብለው ይጠይቃሉ።

የመጨረሻው ምዕራፍ ሲቀር፣ ሰው ከተበተነ በኋላ ጠጋ አሉኝ።

«የሺዬ፣ ልጁ ሞቷል።»

«እንዴት አወቁ እመት?»

«ክሯን አየኋታ።»

መጽሐፉን ነጠላዬ ውስጥ አስገባሁ፤ አሁን መደበቁ ምን ሊጠቅም።

«እዚህ አታንብቢው» አሉ። «ቤቴ መጥተሽ በንጋት አንብቢልኝ። ሰው እጠራለሁ።»

«እመት፣ ይህ እኮ የሰው አገር ልጅ ነው። የመጽሐፍ ልጅ። ጀማል አይደለም።»

«ጀማል አለመሆኑን እኔ እናቱ አጣሁት? የጀማልን የሚነግረኝ የለም። የሌላውን ልጅ ንገሪኝ፤ እኔ ቁጭ ብዬ ልስማ። ሰው ግራና ቀኝ ይያዘኝ። አንድ ቀን እንኳ ልያዝ።»

ልማከረው ወደ አያ ሰይድ ሄድኩ። መርገጫውን አቆመ። «ሟርት ነው» አለ። «በሕይወት ላለ ልጅ መርዶ? ደግሞ እኔ ያንን ጠረፍ አውቀዋለሁ። ሲሳፈሩ አይቻለሁ። እኔን አትጥሪኝ።»

እመት ዘይነባ ግን ሸህ ይማም ዘንድ ሄደው ኖሯል። ሸህ ይማም የሰፈራቸው ሽማግሌ ናቸው፤ መርዶ ካለ ከፊት የሚሄዱት እሳቸው ናቸው። አስጠሩኝ። መጽሐፉን ተቀብለው አገላበጡት፣ የደራሲዋን ፎቶግራፍ አዩት።

«የማን ልጅ ናት?»

«የደሴት ልጅ ናት፣ ሸህዬ። አሁን ፈረንጅ አገር ትኖራለች።»

«ወንድም የጠፋባት ትመስላለች» አሉና መለሱልኝ። «መርዶ የሚናገር ያየ ወይም የሰማ ነው። እኔ አላየሁም፣ አልሰማሁም፤ ስለ ጀማል አንድ ቃል አይወጣኝም። አንቺም አይውጣሽ። መጽሐፍ ማድመጥ ግን ማን ከለከለ? እመጣለሁ።»

የቀረው አቶ ጌታሁን ናቸው። «መጽሐፍ ከሥራ ሰዓት ውጭ አይወጣም» አሉ። «ምን ብዬ ልፍቀድ?»

«የንባብ አገልግሎት ይበሉት።»

«በንጋት?»

ምክንያቱን ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ረጅም ጊዜ ጠረጉት። «ጤዛ እንዳይነካው» አሉ።

በተባለው ቀን ሱብሂ ተሰግዶ ሳያበቃ ደረስኩ። ቤቱ ተጠርጎ ምንጣፍ ተነጥፏል። ጎረቤቱ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ገብቶ ተቀምጧል፤ ማንም አያወራም። እመት ዘይነባ መሐል ላይ፣ ግራና ቀኛቸው ሁለት ጠንካራ ሴቶች ክንዳቸውን ይዘዋል። ስልኩ አንገታቸው ላይ ነው። ለኔ ዱካ ተሰጠኝ። ስቀመጥ አያ ሰይድን አየሁት፤ በሩ አጠገብ፣ ቆቡን ጉልበቱ ላይ አድርጎ።

ብርሃኑ ገጹን ሲያሳየኝ ጀመርኩ። በዚያ ምዕራፍ ደራሲዋ ሞት የሚል ቃል አንድም ቦታ አልጻፈችም። ዓረፍተ ነገሮቿ አጫጭር ናቸው። ሰውየው ጠዋት ወደ ባሕሩ ዳር ይወርዳል። ማዕበሉ አንድ ሳንቃ አውጥቶ ጥሏል። ያነሣዋል። ያገላብጠዋል። ሚስማሮቹን በጣቱ ይዳስሳል። አንዱ ሚስማር ጠምሟል፤ ጀልባዋ ስትሠራ ልጁ መዶሻውን ተቀብሎት ነበር፣ የመታው ልጁ ነው።

እዚህ ላይ ቆምኩ። ሸህ ይማም ቀና ብለው አዩኝ፤ ቀጠልኩ።

«ሳንቃውን ምን አደረገው?» አሉ እመት ዘይነባ። የመጀመሪያ ቃላቸው ነበር።

«ቤቱ ወሰደው።»

«እና?»

«ላገው። አግዳሚ ወንበር ሠራበት።»

«ማን ተቀመጠበት?»

ከገጹ ላይ አነበብኩላቸው፦ «ሊያለቅሱ የመጡት።»

እመት ዘይነባ ሻሻቸውን ፈቱ። ድምፅ አልነበረውም መጀመሪያ፤ ትከሻቸው ብቻ ነው የተነሣው። ሴቶቹ አጥብቀው ያዟቸው። ከዚያ ቤቱ ሁሉ አለቀሰ። አንዱም «ጀማል» አላለም። አያ ሰይድ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ነበር። ሸህ ይማም እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ፤ ባሕር ለወሰዳቸው፣ ያሉበትን አሏህ ብቻ ለሚያውቃቸው፣ ለጻፈችውም ልጅ። «አሚን» ተባለ። ሁለት ገጽ ቀርቶኝ ነበር። አላነበብኩትም፤ የጠየቀኝም የለም።

መጽሐፉን ነጠላዬ ውስጥ ጠቅልዬ መለስኩና ቦታው አኖርኩት። ያን ቀን ሙሉ ጠረጴዛው ላይ ራሴን ደፍቼ ዋልኩ። አቶ ጌታሁን አለፉ አገደሙ።

በሚቀጥለው ገበያ እመት ዘይነባ ሽንኩርታቸውን ይዘው መጡ። አንዲት ሴት ስልኩን አይታ ወረፈቻቸው፦ «አልቅሰው ጨርሰው፣ ይህን ማንጠልጠሉ ለምን ነው እመት?»

«ልቅሶው የኔ ነው» አሏት። «ስልኩ የሱ ነው።»

እስከ ዛሬ ይሰኩታል። ጀማል አልደወለም። ግን ሠርግ ቤት ይሄዳሉ፣ ለቅሶ ቤት ይሄዳሉ፤ እህል ሲቀርብላቸው ይበላሉ።

እኔ ጡረታ ወጥቻለሁ። ዓይኔ በጠዋት ብቻ ነው የሚያይልኝ፣ ጉልበቴ የበረንዳውን ደረጃ ጠልቶታል። ወጣቱ ስልኩ ላይ ነው፤ መደርደሪያዬን የሚነካው ጥቂት ሰው ነው። ያ ሁሉ ደራሲ፣ ከደሴቱ እስከ በረዶው፣ በመንገዱ ቅደም ተከተል እንደ ቆመ አለ። የገበያ ቀን ንባቡን አሁንም ስለምችል እሄዳለሁ፤ ካበቃ በኋላ ግን ለሁለት ቀን እተኛለሁ።

ባለፈው እመት ዘይነባ ቦታቸውን ይዘው፣ «ዛሬ ከወዴት ነው?» አሉኝ።

«ከካናዳ። ከበረዶው።»

«ሰው ይሞትበታል?»

«መሐሉ ላይ፣ አንድ ሽማግሌ።»

«እንግዲያ ቅርጫቴን ላውርድ» አሉ።

በንባቡ ለሚተካኝ የማስረክበው ቁልፉን፣ መዝገበ ቃላቱንና አንድ ጥቅል ጥቁር ክር ነው። መጽሐፍ አስቀድሞ እስከ መጨረሻው ይነበባል። ሞት ያለበት ምዕራፍ ቆሞ ለሚሰማ ሰው አይነበብም።